ከሚስማሩ ያልወረደው ጀምቢያ

አል-መሕጀር፣ ሐራዝ ተራራ፣ የመን
ሸዕባን 9 ቀን 1401

ጋሊብዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና ታግኝህ። የደረትህ ሳል ተሻለህ ወይ? በመጨረሻው ዒድ ስትመጣ እንደ ሽማግሌ ስታስል ነበርና ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም። የላክሁልህን ማርና ጥቁር አዝሙድ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድህ ውሰድ። ለጓደኞችህ አከፋፍለኸው እንደሆነም አውቃለሁ፤ ለሰው ሲሆን እጅህ ሰፊ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ያልሁት ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ እንዳታምነኝ።

መንደሩን ከጠየቅኸኝ፣ የበልጉ ዝናብ በደንብ ጥሎ አሁን ቆሟል። መኪና እንዲገባበት የላይኛውን መንገድ እያስፋፉት ነው፤ ድንጋዩን ባፈነዱት ቁጥር ሳህኖቼ ከመደርደሪያው ሊወርዱ ይደርሳሉ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት፣ እግሯ ረጃጅም ነው፣ የምትሄድበትን አታውቅም። ስም አላወጣሁላትም። በዚህ ቤት ለጥጃ ስም የምታወጣው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከምነግርህ ነገር ግማሹን ታውቀዋለህ። ቢሆንም ከሥሩ ጀምሬ እነግርሃለሁ። አንተ የሰማኸው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ከኔ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ተቀመጥና አንብበው። እዚያ ጅዳ ሱቅ ውስጥ ከሆንህም ውጣና አንብበው።

የቡናው ለቀማ እንዳለቀ ሰሞን ነው። እርከኑ ላይ ቆሜ የደረቀ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ጎረቤታችን ሙቅቢል መጣ። ጉንጩ በጫት አብጦ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከግንቡ በላይ ቆመ።

«ተቂያ፣ ይሄ እርከን የማን ነው?» አለኝ።

«ዓይንህን ታመሃል እንዴ? የኔ ነዋ።»

«አያቴ ለአያትሽ ያዋሱት ነው ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው።»

«በል ያንን ሰው ላክልኝና ቅርንጫፍ ይልቀምልኝ። ሥራ ፈትቶ ነው።»

አልሳቀም። ቶሎ የሚስቅ ሰው እንደሆነ ታውቃለህ፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሳቅሁ። ያን እርከን አባባ እኮ ድንጋዩን ከወንዙ በጀርባው እያመላለሰ ነው የካበው። እናታችን አንተን አርግዛ አፈሩን በቅርጫት ተሸክማለች፤ እኔም ከኋላዋ በትንሽ ቅርጫት እየተከተልሁ። አዋሱ! ድንጋይ ብቻ የነበረን ገደል ማን ለማን ያውሳል?

ሙቅቢል ግን ወደ ሽማግሌው ወደ ዓቂል ሙርሺድ ሄዶ ክስ አቀረበ። እኔም ጻፍሁልህ። መልስህ ከዚያ ሰማያዊ ሻርፕ ጋር ደረሰኝ። «እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ከሙቅቢል ጋርም አትጨቃጨቂ። ነገሩን ለዓቂል ተይው። የአባባን ጀምቢያ መያዣ አድርገሽ አስረክቢያቸው፣ እሳቸው የፈረዱት ለሁላችንም ይሁን» ብለህ ነበር። ደስ አለኝ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ብዬ ሻርፑን ለብሼ ውሃ ልቀዳ ወረድሁ፤ ምንጩ ላይ ለነበሩት ሴቶች ሁሉ ደብዳቤህን አነበብሁላቸው። ቅናት ይዟቸው እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም ብለው ነበር የሰሙኝ።

ለዓቂል ሙርሺድ አደራ መስጠት ለኔ ምን ማለት እንደነበረ ታውቃለህ። ሰዉ ዓቂል የሚላቸው መንግሥት ስለሾማቸው አይደለም፤ ልባም ስለሆኑ ነው። ከሁለት ተራራ ማዶ በደም የሚፈላለግ ሰው መጥቶ ጀምቢያውን ከወገቡ ፈትቶ እግራቸው ሥር ሲያኖር አይተን አድገናል። ለኛ ደግሞ ከዚያም በላይ ነበሩ። አባባ ሲሞት ራስጌው ማን ነበር? እሳቸው። አንተ በግራ፣ እኔ በእግሩ በኩል። አባባ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ቤቱ ለጋሊብ፣ እርከኑ ለተቂያ። ባል ባይኖራት ቡና አላት» አለ። አንተ ጎንበስ ብለህ ጉልበቱን ስመህ «እሺ አባባ» አልህ። ማንም አላስገደደህም። ዓቂልም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔ ምስክር ነኝ» አሉ።

ስለዚህ የአባባን ጀምቢያ ከሣጥኑ አወጣሁ። ቆልማማ ስለቱን በሰሊጥ ዘይት ወለወልሁ፣ በራስ መሸፈኛዬ ጠቀለልሁና ወደ ዓቂል ቤት ወረድሁ። አስርን ሰግደው በርጫ ላይ ነበሩ፤ ክፍሉ ሙሉ ወንድ። በሩ ላይ ስቆም ጨዋታው ቆመ።

«ሱብሐን አላህ» አለ አንዱ፣ ያ ዘወትር የሚቀልደው ልብስ ሰፊ። «ሴት ጀምቢያ ስታስረክብ ለማየት በቃን። ነገ ደግሞ ልትታጠቅ ነው።»

«አንተ ታጥቀህ ምን ሠራህበት?» አልሁት። «ሚስትህ ዶሮ ማረጃ አጣሁ ትላለች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓቂል አልሳቁም። በደበዘዘ ዓይናቸው ወደ ድምፄ ዞር ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጀምቢያውን ከነቀበቶው አስቀመጥሁበት።

«ልጄ፣ ሰጠሽኝ?»

«ሰጠሁ።»

«የፈረድሁት ፍርድ ነው?»

«የፈረዱት ፍርድ ነው።»

ይህ ቃል ከወጣ በኋላ መመለስ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሳልፈራ ነው ያልሁት። እሳቸውም ግድግዳውን ዳስሰው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

የፍርዱ ቀን ሲደርስ ሴቶቹ ከሚቀመጡበት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አዳመጥሁ። በመጋረጃው ስንጥቅ ሙቅቢል ይታየኛል። ጀምቢያው ወገቡ ላይ ነበር። ይሄ ነገር ወጋ አደረገኝ። አባባ አስይዞ ሲመጣ ትዝ ይልሃል? ወገቡ ባዶ ሆኖ፣ ቀሚሱን በእጁ ሰብስቦ፣ እፍረት በእፍረት ሆኖ ነበር ፍርዱ እስኪያልቅ የሚከርመው። ከሳሽም ያስይዛል፤ ሙቅቢል አስይዞ ከሆነ ይሄ ከየት መጣ? ከወንድሙ ተውሶ ይሆናል አልሁና ተውሁት። ሰው ማመን ሲፈልግ መልሱን ራሱ ያዘጋጃል መሰለኝ።

ዓቂል ብዙ ተናገሩ። ስለ አያቶች፣ ስለ ወሰን ድንጋይ፣ በኢማሙ ዘመን ስለነበረ አንድ ድርቅ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አንድ ያጠኑትን ነገር እንደሚደግም ሰው ነበሩ። በመጨረሻ «እርከኑ የሙቅቢል ነው። ተቂያ የዘንድሮውን ፍሬ ለቅማ ትልቀቅ» አሉ።

ጆሮዬን አላመንሁትም። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«አባባ ሲሞት የነበሩት እርስዎ አይደሉም?»

«ልጄ…»

«ምስክር ነኝ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ልጄ፣ ጀምቢያ ሰጥተሻል።»

 ወንዶቹ ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ፣ ያ ልብስ ሰፊ እንኳ። ስወጣ በሙቅቢል ቤት በኩል አለፍሁ። ከግንቡ ሥር የጫት ችግኝ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ተደርድሮ አየሁ፣ ውሃ የጠጣ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ። ሥር ለመስደድ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ጋሊብ? አንተ ገበሬ ነህ፣ ቢያንስ ነበርህ። ያ ችግኝ የተተከለው ከፍርዱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው።

የዚያን ሰሞን ያሳሰበኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? አንተ። ጉዳዩን ስትሰማ በንዴት ሥራህን ጥለህ፣ ጠመንጃ ይዘህ መጥተህ ሙቅቢልን ብትገድልስ ብዬ። ምን ብዬ እጽፍለታለሁ እያልሁ እርከኑ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። «ወንድሜ አትናደድ፣ ዓቂል አርጅተው ተታለው ነው» ብዬ ጀምሬ የቀደድሁት ወረቀት አሁንም ምድጃው አጠገብ አለ።

ከዚያ የዓቂል ሚስት አክስት ሰዕዳ መጣች። «ነይና ጀምቢያሽን ውሰጂ፣ ልጄ። ሚስማር ላይ እየዳሰሰው እንቅልፍ አጣ» አለችኝ። የተፈረደበት ሰው ጀምቢያውን ሲወስድ ፍርዱን ተቀብሏል ማለት ነው፤ እኔም ይኸው ልቀበል ሄድሁ። ጠዋት ነው። ዓቂል ብቻቸውን ተቀምጠው የቡና ገለባ ከዝንጅብል ጋር አፍልተው ይጠጣሉ። ስገባ ተነሡ። አስበው፣ ለኔ ተነሡ። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ነጭ መጋረጃ ከዒድ ወዲህ ወፍሯል፣ ብርሃንና ጨለማ ነው የሚለዩት። ሰዕዳን ሳይጠሩ ራሳቸው በግድግዳው ላይ እየዳሰሱ ሄደው፣ ከሚስማሩ አንዱን አወረዱና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«የአባትሽ ነው። አላህ ይርሐመው። በክብር መልሻለሁ።»

ተቀበልሁ። ቀበቶውን ልጠቀልል ገለበጥሁት።

ገበሩ ቀይ ነው። ጥቃቅን ጥቁር አበባ አለበት።

ጋሊብ፣ ያን ጨርቅ ከየት እንደቀደድሁት ታውቃለህ። ለአቅመ አዳም ስትደርስ አባባ ጀምቢያ ገዛልህ፤ ቀበቶው ሻካራ ሆኖ ወገብህን ላጠው። ወንድ ነኝ ብለህ አልተናገርህም፣ እኔ ግን ቀሚስህ ላይ ደም አየሁ። የእናታችንን የሠርግ ቀሚስ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጨው ነበር። ለኔ ሠርግ እለብሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ በኋላ ያገባኝ ሰውዬ ፈታኝና አላዘንሁለትም። ከጫፉ ቀድጄ ገበር አደረግሁልህ። ያንን የሚያውቅ ከኔና ካንተ ሌላ በዓለም ላይ የለም። እጀታውን አየሁት፤ የኮክ ፍሬ ልትሰብርበት ብለህ የሸረፍኸው ቦታ እዚያው አለ።

«ዓቂል» አልሁ። «ይሄ የማን ነው?»

«የአባትሽ ነው እንጂ።»

«የአባቴ ይኸው ከጎኑ ተሰቅሏል።»

እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ፣ የቀረውን ዳሰሱ፣ ከዚያ እጃቸው ወደቀ። ፊታቸው ላይ የሆነውን አልነግርህም። ሽማግሌ እንደዚያ ሆኖ ማየት አልወድም።

«ሙቅቢል አላስያዘም» አልሁ። «ለዚህ ነው ወገቡ ያልጎደለው። ያስያዘው ጋሊብ ነው። የከሰሰኝ ጋሊብ ነው።»

«ተቀመጪ ልጄ።»

«አልቀመጥም።»

ቆሜ ሰማሁ። በዒድ ስትመጣ ተስማምተህ ነበር አሉኝ። የሙቅቢል ወንድሞች ጅዳ ካለው የጎማ ሱቃቸው ሸሪክ ሊያደርጉህ፣ አንተ እርከኑን ልትሰጣቸው። ጎማ፣ ጋሊብ! አባባ ጀርባው እስኪጎብጥ የካበውን በጎማ! እኔን ፊት ለፊት ማናገር ስላፈርህ፣ የአባባንም ቃል አፈረሰ እንዳትባል፣ ሙቅቢል እንዲከሰኝ፣ ዓቂል እንዲፈርዱብኝ፣ አንተ ንጹሕ እንድትሆን። ጀምቢያህን ለዓቂል ትተህላቸው ሄድህ። ለኔ ምን አልኸኝ? እጀታው ላልቶ መናኻ ብር ሠሪ ጋር ተውሁት አልኸኝ።

የሄድህ ዕለት ጠዋት ነበር ማር የጠጣ ትኩስ ዳቦ ጋግሬ ያበላሁህ። እርከኑ ግንብ ላይ ተቀምጠህ እግርህን እያወዛወዝህ በላህ፣ ጣትህን ላስህ፣ አንድ ቀይ ፍሬ ቀጥፈህ አፍህ ውስጥ ጨመርህና «ተቂያ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዘንድሮ እንዴት አምሯል» አልኸኝ። ወገብህ ባዶ ነበር። አጠገብህ ቆሜ በመዳፌ ፍርፋሪ ከቀሚስህ አራግፌልሃለሁ።

«ለምን?» አልኋቸው ዓቂልን። «እሱስ ይሁን፣ ልጅ ነው፣ ጅዳ ዓይኑን ወስዶታል። እርስዎ ለምን?»

«እምቢ ብለው ኖሮ ከተማ ወርዶ ፍርድ ቤት ሊከስሽ ነበር። በአደባባይ፣ ወንድም ከእህት። የአባታችሁ ስም መሳቂያ ይሆን ነበር። እርከኑ እንደሆነ በየትኛውም መንገድ ይሄዳል። እኔ ያሰብሁት እርከንሽንም ወንድምሽንም ከምታጪ እርከኑን ብቻ እጪ ብዬ ነው። ሙቅቢልን ጥይው፣ ይችለዋል። ጋሊብን ግን እንዳትጠይው።»

«ማንን እንደምጠላ የሚመርጡልኝ እርስዎ ነዎት?»

«ልጄ፣ እኔ ሰው ማስታረቅ ነው የማውቀው።»

«አላስታረቁም። እኔ እኮ ከማንም አልተጣላሁም ነበር። በጀርባዬ ተስማምተው፣ የአባቴን ጀምቢያ በገዛ እጄ አስመጥተው፣ ለሞተ ሰው የገቡትን ምስክርነት በሉት።»

 አክስት ሰዕዳ ደጁ ላይ ቆማ አፏን በሻሽዋ ይዛ ታለቅስ ነበር። እስከዛሬ ድረስ «እሳቸው» እያልሁ እንደምጽፍ አየህ? ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ባለፈው ጁምዓም ገንፎ በቅቤ ሠርቼ፣ ድስቱን ልልክላቸው ካነሣሁ በኋላ ነው ለማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ቁጭ ብዬ ብቻዬን በላሁት፤ አልጣፈጠኝም።

ከዚያ ቤት ስወጣ ያንተን ጀምቢያ ይዤ ወጣሁ። የአባባን አልነካሁትም፤ ሚስማሩ ላይ ትቼዋለሁ።

አሁን መንደሩ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ተቂያ ጀምቢያዋን አልወስድም አለች፣ ፍርዱን አልተቀበለችም። ሙቅቢል በማግስቱ ዶማ የያዙ ሰዎች ይዞ እርከኑ ላይ ወጣ። እኔ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር፤ ቀና ብዬም አላየሁት። የገዛ አጎቱ፣ ያ ሽማግሌ፣ ዶማውን መሬት ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ጀምቢያው ወርዷል?» ብሎ ጠየቀው።

«ዛሬ ነገ ትወስደዋለች።»

«እንግዲያው እኔም ዛሬ ነገ እቆፍራለሁ። የተሰቀለ ጀምቢያ እያለ ዶማ አላነሣም። ልጆቼ በዚህ መንደር ነው የሚኖሩት።»

ሌሎቹም ተከተሉት። ሙቅቢል ብቻውን ቀርቶ ሰደበኝ፣ ከዚያ ለመነኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሰደበኝ። ምስሬን ለቅሜ ጨረስሁ። ከዚያ ወዲህ ችግኙ ቆርቆሮው ውስጥ እየተጣበበ ነው።

የዓቂል ቤትም ጭር ብሏል። ጉዳይ ያለው ሰው ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ የአባባን ጀምቢያ ያያል፣ ውሃ ጠጥቶ ይወጣል። የላይኛው መንደር ሰዎች ክሳቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሽማግሌ መሄዳቸውን ሰማሁ። አክስት ሰዕዳ በየጊዜው እየመጣች እግሬ ላይ ልትወድቅ ትደርሳለች። ታሳዝነኛለች። ግን አልወስደውም።

ጋሊብ፣ አሁን የምልህን በደንብ ስማኝ።

ከዓቂል፣ ከሚስታቸው፣ ከሙቅቢልና ከወንድሞቹ፣ ከኔና ካንተ ሌላ እውነቱን የሚያውቅ የለም። ሙቅቢልም እኔ ማወቄን አያውቅም። ምንጩ ላይ ሴቶቹ «ወንድምሽ ሲሰማ ምን አለ?» ይሉኛል። «በጣም ተናደደ፣ ሊመጣ ነው» እላቸዋለሁ። ያችን ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ምን ልበላቸው? ዓቂል የፈለጉት ይኸው ነበር፣ ስምህ እንዲጠበቅ። እኔም በገዛ አፌ እየጠበቅሁልህ ነው። በዚህ ምን ያህል እንደምናደድ ባወቅህ። አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ለመንደሩ ሁሉ ልጩህ እላለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ሆነህ በአፈር ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጠህ የምትስቀው ይመጣብኛል፣ ወርጄ ላሟን አልባለሁ።

ብትጠይቀኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር ወይ? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። መጥተህ «ተቂያ፣ ጅዳ ላይ የሰው ጎማ ስለጥፍ ጣቴ አለቀ፣ የራሴ ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ» ብትለኝ፣ ምናልባት እጮህብህ ነበር፣ ምናልባት ለአንድ ወር አላናግርህም ነበር፣ ምናልባትም እሰጥህ ነበር። አላውቅም። ከእንግዲህም ላውቀው አልችልም። እርከኑን ገና አልወሰድህብኝም፤ ይሄን ግን ወስደኸዋል።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ና። ዒድ እስኪደርስ አትጠብቅ። ስጦታ፣ ሻርፕ፣ ምንም ይዘህ አትምጣ። በላይኛው መንገድ ግባ፤ ወገብህ ባዶ መሆኑን ሰው ሁሉ ይይ። በኔ በር ቁምና በገዛ አፍህ «እርከንሽን የሸጥሁት እኔ ነኝ» በለኝ። ዓቂልን አማላጅ አትላክ፣ ደብዳቤም አትጻፍ። ካልኸኝ፣ በዚያው ዕለት ወርጄ የአባባን ጀምቢያ ከሚስማሩ አወርዳለሁ፣ ሙቅቢልም ዶማውን ያምጣ። ቃሌ ነው። ካልመጣህ ግን እኔ እስክሞት እዚያው ይሰቀላል፤ ዓቂልም እያዩት ይኑሩ፣ ማየት ባይችሉም እየዳሰሱት።

እስከዚያ እርከኑን አጠጣዋለሁ። ፍሬው ዘንድሮም ብዙ ነው፤ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሏል።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። በሰው አገር ከመታመም ይጠብቅህ፣ የምትበላውን ሐላል ያድርግልህ። ይሄን የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ቆሞ ነበር፣ ግን ምርቃት ነውና አልሰርዘውም። የእናታችንና የአባባ ዱዓ ካንተ ጋር ይሁን።

ያሳደገችህ እህትህ፣
ተቂያ ቢንት ሰዒድ

ይህን ካሸግሁ በኋላ ከፍቼ የጨመርሁት ነው፦ የጀምቢያህ ቀበቶ ገበር በግራ በኩል ተተርትሮ ነበር። ከቀሚሱ የቀረች ቁራጭ ነበረችኝና ሰፍቼዋለሁ። ስትታጠቀው ወገብህን አይልጥህም።